ስድስት ክፍል ያለው ቃል፦ ከቢሾፍቱ እስከ አሌክሳንድሪያ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። እርሻችን አጠገብ ባለው ሻይ ቤት የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ዋይት ሃውስን አየኸው?» ይለኛል። አላየሁትም። በዋሽንግተን አካባቢ ዐሥር ቀን ቆይቼ በደንብ ያየሁት የአንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ሽንት ቤት ነው። ይህን ስናገር ሰው ስለሚስቅብኝ ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ። ቢሾፍቱ አጠገብ ባለ የጽጌረዳ እርሻ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ውሃ አጠጪ፣ በኋላ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊና አስተርጓሚ ሆኜ። ባለቤቶቹ ሆላንዶች ናቸው። ቋንቋቸውን የተማርኩት ከመድኃኒት ጠርሙስና ከካርቶን ላይ እያነበብኩ ነው። ሆላንዶች እኛ በሦስትና በአራት ቃል የምንለውን አንድ ላይ ቀጥለው አንድ ቃል ያደርጉታል። ፀረ ተባይ ለማለት «ኸዋስበስኸርሚንግስሚደል» ይላሉ፤ እሱም ሳይተነፍሱ። እኔ እንዲህ ያለውን ቃል በፊደላችን እጽፍና በሰረዝ እቆራርጠዋለሁ፦ ኸ-ዋስ-በ-ስኸር-ሚንግስ-ሚ-ደል። ኸዋስ ሰብል ነው፣ በስኸርሚንግ መጠበቅ ነው፣ ሚደል መድኃኒት ነው፤ መሀል የገባችው ስ ማያያዣ ብቻ ናት። ኸ ደግሞ ትግርኛ ተናጋሪ ከጉሮሮው እንደሚያወጣት እንጂ እንደ ሀ አትባልም።

የሚቆረጥበት ቦታ ከተሳሳተ ቃሉ ሌላ ነገር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት የውሃውን ቫልቭ ሁለት «ክዋርትስላኸን» አዙር የሚል ወረቀት ደረሰኝ። ክዋርትስ-ላኸን ብዬ ቆረጥኩት። መዝገበ ቃላቱ የድንጋይ ንብርብር ነው አለኝ፤ ግማሽ ቀን በቫልቩ ዙሪያ ድንጋይ ስፈልግ ዋልኩ። ለካ ክዋርት-ስላኸን ነው፣ ሩብ ዙር ማለት። ከዚያ በኋላ ግን በዚህ ሥራ የሚረታኝ አላገኘሁም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ አብረውኝ የሠሩት ያውቁታል።

ወደ ጉዞው ልግባ። ቅዳሜ ከቦሌ ተነሳሁ። ፍተሻው ላይ የጽጌረዳ መቁረጫ መቀሴ ከኮቴ ኪስ ተገኘ፤ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣሁ ረስቼው ነው። ፈታሿ «አባባ፣ ይሄ አብሮዎት አይሄድም» ብላ ወሰደችው። ዐሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት መቀስ ነበርና አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ እጄ ኪሴ ውስጥ ሲፈልገው ነበር።

እሁድ ጠዋት ታናሽ እህቴ አስካለ ተቀበለችኝ። ዲቪ ደርሷት ከሄደች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በየቤቱ እየሄደች አቅመ ደካሞችን ትንከባከባለች። ዋሽንግተን ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አፓርትመንት ትኖራለች። ልጇ ሊዲያ ኮሌጅ ስለሆነች የእሷን ክፍል ሰጠችኝ። አልጋው ለስላሳ ከመሆኑ የተነሳ ወገቤን ያዘኝና በሁለተኛው ቀን ፍራሹን መሬት ላይ አወረድኩት። አስካለ ጠዋት አየችው፤ ማታ ስገባ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎበት አገኘሁት።

ሰኞ እሷ ሥራ ስትገባ ከተማውን በእግሬ ዞርኩ። የአማርኛ ማስታወቂያ በየሱቁ በር ላይ ስላለ ለመጥፋት እንኳ አይመችም። የቅጠል መርገፊያ ወቅት ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ሰው በመጥረጊያ የሚጠርገውን እዚያ ጀርባው ላይ ሞተር ያዘለ ሰው እየነፋ ያባርረዋል፤ ቅጠሉ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ የጎረቤቱ ሰውዬ ደግሞ መልሶ ይነፋዋል። ቆሜ ሳይ ሁለቱም ሰላም አሉኝ።

ማክሰኞ ግን ጠፋሁ። ላንግሊ ፓርክ የሚባል ሰፈር ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶብስ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ኖሯል። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሾፌሯ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይሻልም፣ ስፓኒሽ ነው የምታወራው። አድራሻውን ከስልኬ አሳየኋት። ከኋላዋ ያለው መቀመጫ ላይ አስቀመጠችኝ፣ የዕረፍት ሰዓቷ ስለነበር ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ይዛኝ ተመለሰችና የምወርድበት ስንደርስ በመስተዋቱ አይታ በጣቷ ጠቆመችኝ። የቢሾፍቱ ታክሲ ረዳት ይህን ያደርጋል? አንዳንዱ ያደርጋል። ግን ብርቱካኑን ለብቻው ነው የሚበላው።

በዚያው ቀን እራት ላይ አስካለ ሹካዋን አስቀመጠችና፦

«ጋሼ፣ የእርሻው ሰዎች ሆላንዶች ናቸው አይደል? ቋንቋቸውን ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ፣ እናገራለሁ፣ እጽፋለሁ።»

«የምንከባከባቸው ሰውዬ ሆላንዳዊ ናቸው። ሚስተር ዊለም። ከወንዙ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው ቤታቸው። ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር ሆነ፤ እንግሊዝኛው ድርግም ብሎ ጠፋ። የሚናገሩት ቃልም አይመስል። የምሠራበት ኤጀንሲ በስልክ የሆላንድኛ አስተርጓሚ አቅርቦላቸው ነበር። ሴትዮዋ ሰምታ ሰምታ፣ ይሄ ቋንቋ አይደለም አለች።»

«ምን ይላሉ?»

«ያር... ለን። ያር... ለን። ከዚያ ወደ ሽንት ቤት ያመለክታሉ። ደግፌ እወስዳቸዋለሁ፤ ስንደርስ ይቆጣሉ። በቀን ዐሥር ጊዜ። የማታ ሺፍት ያላት ልጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያርድ፣ ግቢ፣ የሚሉ መስሏት ወደ ግቢው ይዛቸው ትወርዳለች።» ሹካዋን መልሳ አነሣችና ቀጠለች። «ልጃቸው ካሪን ቅዳሜ ትመጣለች። ሜሞሪ ኬር ልታስገባቸው ነው፤ አእምሯቸውን የሳቱ ሰዎች በር ተቆልፎባቸው የሚኖሩበት ቤት። ፎርሙን ሞልታ ጨርሳለች።»

«አእምሯቸውን ስተዋል?»

«እኔ አይመስለኝም። ሻይ ስሰጣቸው ስኳር ረስቼ ከሆነ ያውቃሉ። ግን እኔን ማን ይሰማኛል?»

«ነገ ውሰጂኝ» አልኳት። ለካሪን ደውላ አስፈቀደች።

ረቡዕ በማለዳ ተነሳን። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ይሳባል፤ አንድም ጥሩንባ አይሰማም። የእኛ ሾፌሮች ቢሰለፉበት ሰማይ ይቀደድ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ላንድማርክ ገባን። ሕንፃው ረጅም ነው፤ አሳንሰሩ ውስጥ ከነበርነው ስድስት ሰዎች አራታችን በአማርኛ ሰላም ተባባልን።

ሚስተር ዊለም መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ነጭ ቅንድባቸው የተንጨፈረረ፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ የተኛ ሰው። ለታላቅ እንደሚገባ ጎንበስ ብዬ «ኹደ-ሞር-ኸን» አልኳቸው፤ እንደምን አደሩ ነው። ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አፋቸው ተከፈተና የቃል ስብርባሪ ወረደብኝ። እውነቱን ለመናገር አንዱንም አልያዝኩም። አስካለ በጉጉት ታየኛለች። እኔ ግን የተረዳሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ሃያ ዓመት ሠራሁበት ብዬ ወዲያው ላፍር አልፈለግሁም።

ቀስ ብዬ ሳስተውል አንድ ነገር አየሁ። «ያር... ለን» ሲሉ የግራ እጃቸው ጣት የወንበሩን ክንድ ይመታል። ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ጣታቸው ግን ስድስት ጊዜ ይመታል። ደግመው ሲሉም ስድስት ነው። ቃሉ ውስጣቸው ሙሉ ነው ማለት ነው፤ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ሁለት ቁራጭ ብቻ።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ለእራት ምን እንደምትሠራላቸው ጠይቅልኝ አለችኝ። በፖስታ ጀርባ ላይ «እራት» የሚለውን በእነሱ ፊደል፣ እንደሚሰማኝ በሰረዝ ቆራርጬ ጻፍኩ፦ አ-ቮን-ዴ-ተን። አዩት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። በግራ እጃቸው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ፤ ሰረዜን በጠማማ መስመር ሰረዙና አንድ ፊደል አልፈው አዲስ ሰረዝ አደረጉ። አቮንድ ማታ ነው፣ ኤተን ምግብ ነው፤ መቆረጥ ያለበት በመገጣጠሚያው ላይ ነው እንጂ ጆሮዬ በሰማበት አይደለም። ያ ብቻም አይደለም። በትክክል ሲቆረጥ የአቮንድ ድ መጨረሻ ላይ ስለምትቀር ት ሆና ነው የምትነበበው።

«አ-ቮንት-ኤ-ተን» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኤ... ተን» አሉ።

አስካለ ለካሪን ልታሳያት በስልኳ ቀርጻው ነበር። «ጋሼ፣ ምን አደረጉ?» አለችኝ።

«አረሙኝ» አልኳት። «በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም ያላየብኝን ስህተት።»

ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር፤ ግን ደስታው ይበልጥ ነበር። እንዲህ የሚያርም ሰው አእምሮውን ስቷል የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይከራከር።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀት ላይ ስድስት ባዶ ቦታ ሠራሁ። ሁለተኛው ላይ ያር፣ አምስተኛው ላይ ለን ብዬ ጻፍኩና አቀረብኩላቸው። ወንበራቸውን ይዘው ወደፊት ተጎተቱ። ጣታቸውን ሦስተኛው ባዶ ላይ አሳርፈው «ዳ» አሉ፤ ቀጥለውም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዳኽ?» አልኩ። ዳኽ ቀን ነው። ያር ዓመት ነው። ያርና ዳኽ ሲገጥሙ፣ ፊት ለፊታቸው ፈር ስትጨመር፣ ልደት ይሆናል። ልደትና ሽንት ቤት ምን አገናኛቸው ብዬ እያሰብኩ ሳለ የእርሻችን ሆላንዳዊት ሥራ አስኪያጅ ትዝ አለችኝ። ቢሮዋ ካለው ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የዘመዶቿ ልደት የተጻፈበት ካላንደር ሰቅላ ነበር። የጽዳት ሠራተኛችን የሰው ስም ሽንት ቤት መሰቀሉ ነውር ሆኖባት አውጥታ ቢሮው ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ ሥራ አስኪያጇ መልሳ ታስገባዋለች። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ሲያወጡና ሲያስገቡ ከርመው በመጨረሻ እኔ ነበርኩ ያስታረቅኳቸው። በአገራቸው ልማድ ነው፤ ማንም ሰው በቀን ጥቂት ጊዜ እዚያ መቀመጡ ስለማይቀር የማንንም ልደት አይረሳም። ካላንደሩ የሳምንት ቀን ስለሌለው ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጣቴን ከጣታቸው አጠገብ አደረግሁ። እየመታሁ፣ ቀስ ብዬ፦ «ፈር-ያር-ዳኽስ-ካ-ለን-ደር።»

ሚስተር ዊለም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው እጄን ያዘ፤ አጥብቆ ያዘ። ደግሜ ስለው ከእኔ ጋር አሉት፤ ሦስቱ ክፍል ወጣ፣ ቀጥሎ አራቱ። አስካለ ወደ ሽንት ቤቱ ሮጠች። ከመቀመጫው ፊት ለፊት፣ አዲስ በተተከለው የብረት መያዣ አጠገብ፣ የምስማር ቀዳዳ ተደፍኖ ተቀብቷል።

ለካሪን ደወለችላትና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሽንት ቤቱ ሲታደስ ካላንደሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች ካሪን። «እናቴ በእጇ የጻፈችው ነው። ካርቶን ውስጥ፣ እኔ ጋራዥ አለ። ሽንት ቤት የሚፈልግ ነበር የመሰለኝ። አራት ወር ሙሉ።»

ዓርብ ዝናብ ነበር፣ አስካለም ሌላ ሰው ጋ ስለተመደበች ቤት ዋልኩ። ዳቦ ልጠብስ ብዬ አሳረርኩና የሕንፃው ማንቂያ ጮኸ። ሰው ሁሉ በዝናብ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በምልክት ተናዝዤ ይቅርታ ስጠይቅ አንዲት ጎረቤት ጃንጥላዋን እኔ ላይ ዘረጋችው፤ ማታ ደግሞ በሳህን የተሸፈነ ሩዝና ባቄላ አንኳኩታ ሰጠችን። «ዳቦ አትጥበስ ለማለት ነው» አለች አስካለ።

ቅዳሜ ካሪን መጣች። ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ እንደ አባቷ ረጅም ሴት ናት። በአንድ እጇ የፎርሙን ማኅደር፣ በሌላው ካላንደሩን ይዛለች። አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። በግራ እጃቸው ገጽ እየገለጡ ሄደው አንድ ወር ላይ ቆሙና ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አደረጉ። «ሀነከ» ይላል፤ ከጎኑ የስልክ ቁጥር አለ። ቀኑ ማግሥቱ ነበር።

«እህቱ ናት» አለች ካሪን። «በልደቷ ቀን ሳይደውልላት የቀረ ዓመት የለም። ስትሮኩን ማንም አልነገራትም። እኔ ሆላንድኛ አልችልም፣ እሷ እንግሊዝኛ አትችልም።»

ወጥ ቤት ሆነን ስናወራ አባቷ ወጣት ሳሉ በሆላንድ ማተሚያ ቤት አራሚ እንደነበሩ ነገረችን፤ መስመር ሞልቶ ቃል ሲቆረጥ በትክክል መቆረጡን የሚያዩ። ይህን ስሰማ በፖስታው ጀርባ የደረሰብኝ ነገር ቀለለልኝ። «ከእኔ ጋር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ አባቴም እናቴም» አለች። «አሜሪካዊት እንድሆን።»

«የኔም ልጅ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ» አለች አስካለ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ካሪን የአስካለን ክንድ ነካ አደረገች።

እሁድ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ ይዛኝ ሄደች። ከመደወላችን በፊት እኔና ሚስተር ዊለም «እንኳን አደረሰሽ» የሚባልበትን ቃል ተለማመድን፤ አምስት ክፍል ነው፦ ኸ-ፌ-ሊ-ሲ-ቴርት። አንድ ሰዓት ፈጀብን። ላባቸው ወረደ፣ አስካለ ልታስቆመን ፈለገች፣ እሳቸው እጃቸውን አነሡባት።

ካሪን ደወለች። የአሮጊት ድምፅ «ሃሎ?» አለ። ሚስተር ዊለም አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ሃሎ? ማን ነው?» አለ ድምፁ። ሊዘጉት ነው ብዬ ፈራሁ። መናገር እችል ነበር፤ ግን የእኔ እህት አይደሉም። ጠረጴዛውን በጣቴ መታ አደረግሁ። እሳቸውም መታ አደረጉ።

«ኸ... ፌ... ሊ... ሲ... ቴርት።»

በወዲያኛው በኩል «ዊም?» አሉ ሀነከ። «ዊም፣ አንተ ነህ?» ዊም የሚስተር ዊለም የቤት ስም ነው። አሮጊቷ አለቀሱ፣ ወዲያው አቆሙና ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ። በድሮው ስልክ ስንት ጊዜ እንደደወሉ፣ ማንም እንዳላነሣ፣ ወንድማቸው የሞቱ መስሏቸው እንደነበር። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለካሪን በጆሮዋ እተረጉምላታለሁ። ሚስተር ዊለም በቁርጥራጭ ይመልሳሉ፤ እህታቸው ቁራጩን አንሥተው ሙሉ አድርገው ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው አዎ ይላሉ። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ካሪን ወንበሯ ላይ አልተቀመጠችም።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ ልጃቸው ዞረው ያንኑ ቃል አሏት፤ ከፊተኛው በፈጠነ አፍ።

«ለምን ለእኔ?» አለችኝ ካሪን።

«በአገራቸው የዘመድ ልደት ሲሆን ለባለ ልደቱ ብቻ አይደለም የሚባለው» አልኳት። «አክስትሽ ተወልዳለችና ላንቺም እንኳን ደስ ያለሽ ነው የሚሉሽ።»

ማኅደሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ነገ ጠዋት ደውዬ እንደማይሄድ እነግራቸዋለሁ» አለች። «ሆላንድኛ የሚናገር የንግግር ሐኪም በቪዲዮ እፈልግለታለሁ። እስከዚያው አስካለ ትቆይልን።» አስካለ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

ሰኞ የመጨረሻዬ ቀን ነበር። ለካሪን አርባ ያህል ቃል በደብተር ጻፍኩላት፤ ውሃ፣ ትራስ፣ ያምሃል ወይ፣ ደህና እደር። ረጃጅሞቹን በሰረዝ ቆራረጥኩ፤ በመገጣጠሚያቸው ላይ። ስሰናበታቸው ሚስተር ዊለም ደብተሩን ተቀብለው ሁሉንም ገጽ አዩ። ሁለት ቦታ አረሙኝ።

ማክሰኞ ተሳፈርኩ። ረቡዕ ቢሾፍቱ ገባሁ፤ አዲስ መቀስ ገዝቼ ሐሙስ ሥራ ጀመርኩ።

አስካለ ባለፈው እሁድ ደውላልኝ ነበር። የሚስተር ዊለም እንግሊዝኛ አልተመለሰም፤ ሐኪሙም ላይመለስ ይችላል ብሏል። ካሪን በየቅዳሜው ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ከመዝገበ ቃላት እየፈለገች በሆላንድኛ ጽፋላቸው ነበር፤ አንድ ገጽ፣ ስለ ልጅነቷ። አባቷ ቀይ እስክሪብቶ አስመጡና ከላይ እስከ ታች አረሙት፤ አንድም መስመር ሳይነካ አልቀረም። ካሪን ወረቀቱን ይዛ ወርዳ መኪናዋ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቀመጠች። አስካለ ከዘጠነኛ ፎቅ መስኮት ታያት ነበር፤ ተቀይማ የምትሄድ መስሏት ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካሪን ተመልሳ ወጣች፣ ወንበር ስባ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ የታረመውን ወረቀት ቃል በቃል፣ ቃሉን በመገጣጠሚያው እየቆረጠች፣ ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር።